የምክር ዓምድ፦ «ሐኪሙ ‹እናንተ ሠልጥኑ› አለን፤ ምኑን እንሠልጥን?»

ጥያቄ፦ «የምጽፍላችሁ ከደቡብ ወሎ፣ ከሐይቅ ከተማ ነው። የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፤ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከመስከረም ወዲህ ሦስት ጊዜ ትምህርት ቤት ተጠርቻለሁ። ‹ቦታው ላይ አይቀመጥም፣ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ ከሰሌዳ መገልበጥ አይጨርስም› ይሉኛል። እርሳስ ገዝቼለት አልዘልቅ አልኩ። ጨው ግዛ ብዬ ሱቅ እልከውና መንገድ ላይ ኳስ ሲያይ አገኘዋለሁ። አባቱ ባለጌ ነው ብሎ በቀበቶ ይገርፈዋል፤ በማግስቱ ያው ነው። እናቴ ጠበል ወስዳዋለች፤ የአባቱ እናት ደግሞ ዱዓ አስደርገውለታል። በመጨረሻ ደሴ ሆስፒታል ወሰድኩት። የአእምሮ ጤና ባለሙያው ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባል ችግር እንዳለበት ነግሮኝ ‹ዋናው እናንተና አስተማሪው መሠልጠናችሁ ነው› አለኝ። ምኑን ነው የምንሠለጥነው? አስተማሪው 58 ልጅ ነው የሚያስተምሩት። ‹ምን ላድርግለት?› እያሉ ይጠይቁኛል፤ መልስ የለኝም። ታናሽ እህቱ አምስት ዓመቷ ነው፤ እሱን ስናባብል እያየች ታኮርፋለች። እሷንስ ምን ልበላት?»

መልስ፦ እህታችን፣ አብሽሪ። ልጁን ባለሙያ ዘንድ አድርሰሽዋል፤ «ምን ላድርግለት?» የሚል አስተማሪም አግኝተሻል። ብዙ ወላጅ ከሁለት አንዱን ሳያገኝ ዓመታት ይፈጁበታል።

«ሠልጥኑ» ሲሉሽ አጥፍታችኋል ማለታቸው እንዳይመስልሽ። ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. ወይም በአማርኛው የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር ከአስተዳደግ ጉድለት አይመጣም። በአብዛኛው በዘር የሚወርድ ነው። ብዙ አባቶች የልጃቸው ችግር ሲነገራቸው «እኔም ልጅ ሆኜ እንዲሁ ነበርኩ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ይህን ጨርስ» የሚለን የአንጎላችን የፊተኛው ክፍል ነው፤ የአንጎል ምስል ጥናቶች እንዳሳዩት በእነዚህ ልጆች ይህ ክፍል የሚበስለው ከእኩዮቻቸው በአማካይ ሦስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ልጅሽ በንግግርና በማስተዋል የስምንት ዓመት ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ራሱን በመግታት በኩል ከታናሽ እህቱ ብዙም ላይርቅ ይችላል። ቀኑን ሙሉ ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር ይጠየቃል፣ ሳይሆንለት ሲቀር ደግሞ ይገረፋል።

ሱቅ የተላከው ልጅ ጨው መግዛት እንዳለበት ያውቃል። ማታ ብትጠይቂው አንድ በአንድ ይነግርሻል። ያቃተው የሚያውቀውን ነገር ኳሱ ፊቱ ባለበት በዚያች ደቂቃ መፈጸም ነው። ማታ ተቀምጦ የሚሰጥ ምክርም ሆነ በማግስቱ የሚመጣ ቅጣት ያችን ደቂቃ አያገኛትም። ሥልጠናው ሁሉ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ እርዳታውን ልጁ በሚቸገርበት ቦታና ሰዓት ማድረስ። ትልልቆቹ ከድርጊቱ በፊትና በኋላ የሚያደርጉትን ሲለውጡ የልጁ ድርጊት ቀስ እያለ ይለወጣል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ለባለሙያው ያልነገርሽው ነገር ካለ ንገሪው። ችግሩ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለው ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት ሲጀምሩ፣ ቢያንስ ስድስት ወር ሲቆዩና ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ ሲታዩ ነው። ጆሮው ይመግላል? ሌሊት እያንኮራፋ ይነቃል? በቀን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሴኮንዶች ዓይኑ ፈዞ ይቀራል? የመጀመሪያው መስማት መቀነሱን፣ ሁለተኛው እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሦስተኛው አንድ ዓይነት የሚጥል በሽታን ሊጠቁም ይችላል፤ ሁሉም ትኩረት ያሳጣሉ። ደም ማነስና የዓይን ችግርም ይታዩለት። ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲገባ ልጅሽ ገና ሕፃን ነበር። መባነን፣ በድምፅ መደንገጥና ካንቺ አለመለየት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ከሆነ ለይተሽ ንገሪው፤ ድንጋጤ ያደረበት ልጅም ይቅበጠበጣል፣ እርዳታው ግን ሌላ ነው። ስኳር አበዛሁበት ብለሽ ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ፤ ጥናቶች ስኳርን መንስኤ ሆኖ አላገኙትም። ጠበሉም ዱዓውም ለቤተሰቡ መጽናኛ ነውና ይቀጥል፤ ልጁን እስካላስራበ፣ እስካላሳሰረና ሕክምናውን እስካላቋረጠ ድረስ አይጣላም።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንምጣ። የወላጆች ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ከ8 እስከ 12 ሳምንት የሚሰጥ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ነገር ተምረሽ ቤትሽ ትለማመጂዋለሽ። ቅደም ተከተሉ ራሱ ትርጉም አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከቅጣቱ ስለሚጀምር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ አንድ ቀን አንቺ አንድ ቀን አባቱ፣ ልጁ በመረጠው ጨዋታ አብራችሁት ሁኑ። በዚያ 15 ደቂቃ ትእዛዝ የለም፣ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ የለም፣ እርማትም የለም። የሚያደርገውን እያያችሁ ብቻ ተናገሩ፦ «ድንጋዩን ከድንጋዩ ላይ ደረደርከው፤ አሁን ትልቁን ፈለግህ።» ቀላል ይመስላል፤ ስትሞክሪው ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አምስት ጊዜ ልታዝዢው አፍሽ ድረስ ይመጣል። ጥቅሙ ይህ ነው፦ ስሙ ሲጠራ ሁልጊዜ ለወቀሳ የሚሆንበት ልጅ ድምፃችሁን መስማት ትቷል። ጆሮው መጀመሪያ ወደናንተ መመለስ አለበት። ያጠፋ ቀን እንኳ ይህችን ሰዓት አትከልክሉት።

ቀጥሎ ምስጋና ነው። «ጎበዝ» ብቻ አይበቃም፤ ምኑን እንዳመሰገንሽው ማወቅ አለበት። «ሳልነግርህ ደብተርህን ቦርሳህ ውስጥ ከተትክ፤ ጎሽ!» በይው፤ ወዲያው፣ በዚያው ሴኮንድ። ለአንድ እርማት አራት አምስት ምስጋና እንዲደርሰው አስቢ። «ምኑን ላመስግነው?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ሳይጮህ የቆየባትን አንዲት ደቂቃ ጠብቀሽ ያዣት። ምስጋናውን በነገር አትጨርሺው ብቻ፤ «ጎሽ፣ ትናንትስ ለምን እንዲህ አላደረግህም?» ካልሽው የሰማው ሁለተኛውን ነው።

ትእዛዝ ላይ ቆም እንበል፤ የብዙ ቤት ጠዋት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እናት ማድ ቤት ሆና «ተነስ! ታጠብ! ልብስህን ልበስ! ቁርስህን ብላ! ደብተርህን እንዳትረሳ!» ትላለች። አምስት ትእዛዝ ነው፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከግድግዳ ማዶ። ልጁ ተነስቶ አንድ እግር ካልሲ ይዞ ድመቷን ሲያጫውት ይገኛል። እንዲህ ቀይሪው፦ ምድጃውን ትተሽ አጠገቡ ሂጂ። ትከሻውን ንኪው፣ ስሙን ጥሪ፣ ዓይኑ ዓይንሽ ላይ እስኪያርፍ ጠብቂ። «ሱሪህን ልበስ» በይውና ዝም በይ። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። በእነዚህ አምስት ሴኮንዶች ውስጥ ትእዛዙን የምትደግሚ፣ የምትለምኚ ወይም ሌላ የምትጨምሪ ከሆነ የመጀመሪያው ይጠፋበታል። ሱሪውን ካነሳ ገና ሳይለብሰው አመስግኚው፤ ከዚያ ወደ ሸሚዙ። «እስኪ ትለብሳለህ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ጥያቄ ከሆነ «አልለብስም»ም መልስ ነው። የጠዋቱን ሥራ በአራት ሥዕል ወረቀት ላይ ሥለሽ በሩ ላይ ለጥፊለት፤ ካንቺ ጭቅጭቅ ወረቀቱ ይሻለዋል። ቦርሳው ማታ ይዘጋጅ። እርሳሱን በክር ቦርሳው ላይ እሰሪለት፤ ትርፉንም ለአስተማሪው አስቀምጪ።

በሦስተኛው ሳምንት ቆርኪ ሰብስቢ፤ የለስላሳ ቆርኪ ይሆናል። ባዶ ጠርሙስ ውስጥ እየጣለ ያጠራቅማል። ቆርኪ የሚያስገኙት ሥራዎች ሦስት ብቻ ይሁኑ፣ ሁለቱን አሁንም ደኅና የሚሠራቸው ይሁኑ። ለምሳሌ ከቁርስ በፊት ለብሶ መገኘት 2 ቆርኪ፣ ማታ ቦርሳውን ማዘጋጀት 1፣ የቤት ሥራውን የመጀመሪያ 10 ደቂቃ ሳይነሳ መሥራት 2። ዋጋውንም አብራችሁ ጻፉ፦ በ3 ቆርኪ ከአባቱ ጋር ሩብ ሰዓት ኳስ፣ በ5 የእራቱን ወጥ መምረጥ፣ በ20 ቅዳሜ ሐይቁ ዳር መውረድ። በመጀመሪያው ቀን ማታ ሳይተኛ ቢያንስ አንድ ነገር መግዛት አለበት። «በሰኔ አንደኛ ከወጣህ ብስክሌት» የሚለው ቃል የማይሠራው ሰኔ ለዚህ ልጅ የሌለ ያህል ሩቅ ስለሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያገኘውን ቆርኪ ለቅጣት አትንጠቁት፤ ከባዶ በታች የወረደ ልጅ ጨዋታውን ይተወዋል። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ሽልማቱ ይሰለቸዋል። ያኔ «አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት፣ የሽልማቱን ዝርዝር ለውጡ።

ትንንሽ ጥፋቶችን፣ ማጉረምረሙን፣ ወንበር ማንቋቋቱን፣ ነገር መደጋገሙን፣ እንዳላየ እለፉ። እዚህ ላይ አስቀድመሽ ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ፦ ችላ ማለት ስትጀምሩ ለጥቂት ቀናት ይብስበታል። ድሮ በጩኸት ያገኝ የነበረውን ሲያጣ ጩኸቱን ይጨምራል። በዚያ መሐል አንድ ቀን ተሸንፋችሁ እሺ ካላችሁት ከበፊቱ አብልጦ መጮህ እንደሚያዋጣ ተማረ። መማታት ወይም ዕቃ መስበር ግን አይታለፍም፤ በረጋ ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ ነግራችሁ ጥግ ባለ በርጩማ ላይ አስቀምጡት፤ ልኩ በዕድሜው ልክ፣ ቢበዛ ስምንት ደቂቃ። ሲቀመጥ ንግግርም ስብከትም አይኑር። ሲነሳ ያቋረጠውን ሥራ ይቀጥላል፤ ያለቀ ነገር አይነሳ።

ስለ ቀበቶው ለአባቱ የምንለው ይህ ነው፦ ወንድማችን፣ ልጅዎን ስለሚወዱ እንደሚገርፉት እናምናለን። ግርፋት የያዘውን ነገር ለዚያች ሰዓት ያስጥለዋል፤ ራሱን መግታት ግን አያስተምረውም። በማግስቱ ያው የሆነው ልጁ ስለደነደነ አይደለም፤ በማግስቱ ኳሱ ሲመጣ ቀበቶው ሐሳቡ ውስጥ ስላልነበረ ነው። እየተገረፈ ሲያድግ መዋሸትን፣ መደበቅንና እልህን ይማራል። የእርስዎ ሩብ ሰዓት ኳስ ለዚህ ልጅ ከየትኛውም ሽልማት ይበልጣል፤ ጠርሙሱን የሚቆጥሩለት እርስዎ ይሁኑ። እናት ብቻዋን የያዘችው ሥርዓት አባት አንድ ቀን ሲያፈርሰው ይፈርሳል።

የሚቀጥለውን ቆርጠሽ ለአስተማሪው ስጫቸው።

መምህር፣ 58 ልጅ ይዘው ለአንዱ የተለየ ትምህርት ያዘጋጁ አንልዎትም። ጥቂት ለውጦች ይበቃሉ። መጀመሪያ ቦታው፦ ፊት ረድፍ ወይም ሁለተኛው፣ ከበሩና ከመስኮቱ የራቀ፣ እርስዎ በሚመላለሱበት መተላለፊያ በኩል ዴስኩ ጫፍ ላይ፣ ከረጋ ልጅ አጠገብ። ብቻውን ወደ ግድግዳ ዞሮ መቀመጥ ግን ውርደት ነው፣ ትኩረትም አይጨምርለትም። ሁለተኛው እንቅስቃሴ ነው። 40 ደቂቃ ሳይነሳ መቀመጥ አይችልም፤ እንግዲያው መነሻውን እርስዎ ይስጡት። ሰሌዳ ያጥፋ፣ ደብተር ይሰብስብ፣ ጠመኔ ያምጣ፤ በየ15 ደቂቃው፣ መቁነጥነጥ ሳይጀምር አስቀድመው ይላኩት። ካስቸገረ በኋላ ከላኩት ማስቸገሩን ሸለሙት ማለት ነው። ሦስተኛው ሥራውን መቆራረጥ ነው። ሰሌዳ ሙሉ ጽሑፍ ሲያይ ተስፋ ይቆርጣል። «ሦስት መስመር ገልብጥና አሳየኝ» ይበሉት፤ በመተላለፊያው ሲያልፉ አይተው ራይት ያድርጉለትና ቀጣዩን ሦስት ይስጡት። አሥር የሒሳብ ጥያቄ ካለ የታችኛው አምስት በወረቀት ይሸፈን። የሚያውቀውን በቃል ይጠይቁት፤ ያልጨረሰው ጽሑፍ አላወቀም ማለት አይደለም። አራተኛው፣ በሁለታችሁ ብቻ የሚታወቅ ምልክት ይኑራችሁ። ዴስኩን በሁለት ጣት መታ ማድረግ «ወደ ሥራህ» ማለት ይሁን። ስሙን በክፍሉ ፊት መጥራት የሳቅ መነሻ ያደርገዋል፤ ሳቁ ደግሞ ያነሳሳዋል። እረፍት መከልከል ከሁሉ የባሰ ስሕተት ነው፤ ሮጦ ያልተመለሰ ልጅ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ሙሉ ይቅበጠበጣል። ማንበርከክና ዱላ ጨርሶ አይታሰቡ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ቤቱንና ክፍሉን የሚያገናኘው የቀን ካርድ ነው። ከደብተር ግማሽ ገጽ ይበቃል። ወደ ታች ሦስት መስመር፦ «እጄን አውጥቼ ተናገርኩ»፣ «በቦታዬ ቆየሁ»፣ «የተሰጠኝን ግማሹን ሠራሁ»። ሁሉም ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገሩ ይሁኑ፣ «አልረበሽኩም» አይባልም። ወደ ጎን አራት ክፍለ ጊዜ። በጠቅላላው 12 ሳጥን። በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ መምህሩ ለተሳካው ራይት ያደርጋሉ፣ ያልተሳካው ባዶ ይቀራል፤ ኤክስ አይገባም። በቀን ከሁለት ሦስት ደቂቃ አይወስድም። ለመጀመሪያው ሳምንት ሽልማት ሳይኖር ብቻ ይቆጠር። በአማካይ 5 ካገኘ የቀጣዩ ሳምንት ግብ 6 ነው እንጂ 12 አይደለም። ከአምስት ቀን በአራቱ ግቡን ሲመታ አንድ ይጨመር። ቤት ሲገባ ካርዱን አይታችሁ እዚያው ማታ በቆርኪ ክፈሉት። ካርዱ ከጠፋ ያ ቀን ቆርኪ የለውም፤ ቁጣም የለም። ብዙ ጊዜ ካርድ የሚከሽፈው ግቡ ከመጀመሪያው ስለሚሰቀል ነው፤ አለዚያም ልጁ ሲሻሻል በአራተኛው ሳምንት «ድኗል» ተብሎ ስለሚተው ነው። መነጽር ያደረገ ሰው አየሁ ብሎ አያወልቅም።

አስተማሪው ብቻቸውን እንዳይቀሩ ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አቅርቢው። በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም፤ በዓለም ደረጃ ከመቶ ልጆች አምስት ያህሉ ይህ ችግር አለባቸው። ርእሰ መምህሩ ሦስት ቅዳሜ፣ በየቅዳሜው ሁለት ሰዓት ቢፈቅዱ፣ የደሴውን ባለሙያና የልዩ ፍላጎት መምህር ካለ እሱን ጋብዙ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ስለ ችግሩ ይነገር፤ ከዚያም አንዱ መምህር ልጁን፣ ሌላው አስተማሪውን ሆኖ ትእዛዝ አሰጣጥን ይለማመዱ። ሁለተኛው ለቦታ፣ ለሥራ መቆራረጥና ለካርድ አሠራር ይሁን፤ እያንዳንዱ መምህር የአንድ ልጅ ካርድ ጽፎ ይውጣ። ሦስተኛው ከሦስት ሳምንት በኋላ ይሁን፤ የተሞሉትን ካርዶች ይዘው መጥተው የት እንደተሰናከሉ ይነጋገሩ። አንድ ቀን ተሰብስቦ ንግግር ሰምቶ መበተን የክፍሉን ውሎ አይለውጥም፤ የሚለውጠው ልምምዱና ያ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና በኢትዮጵያም ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። በጨዋታ ልጅን መቅረብንና ባሕርይን መምራትን ስለሚያስተምር፣ በአካባቢው የሚሰጥ መሆኑን ባለሙያውን ጠይቂ።

ስለ መድኃኒት አልጠየቅሽም፤ ግን መነሳቱ አይቀርም። ከስድስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት መጀመሪያ የሚሰጠው የወላጆች ሥልጠና ነው። ለልጅሽ ዕድሜ ግን ሐኪሙ እንደ ሜቲልፌኒዴት ያለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ 579 ልጆችን ለ14 ወራት ተከታትሎ ውጤቱ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ መቅበጥበጡንና ትኩረት ማጣቱን በመቀነስ በኩል በጥንቃቄ የተሰጠ መድኃኒት ከሥልጠና ብቻውን እንደሚበልጥ አሳይቷል፤ ሁለቱን አብረው ያገኙት ደግሞ ያነሰ መጠን በቅቷቸዋል። ስለዚህ ከታዘዘ አትፍሪው። ከመጀመሩ በፊት ክብደቱ፣ ቁመቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱ ይለኩ፤ በቤተሰቡ ውስጥ በለጋ ዕድሜ በልብ ሕመም የሞተ ካለ ንገሪያቸው። የምግብ ፍላጎት ስለሚቀንስ ጠዋት ከቁርስ ጋር ይሰጥ፤ ማታ ከተሰጠ እንቅልፍ ይነሳል።

ስምንት ሳምንት በደንብ ሠርታችሁ ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም «ብሞት ይሻለኛል» ማለት ከጀመረ፣ ካርዶቹን ሰብስበሽ ወደ ደሴ ተመለሺ። ሁለተኛው ከሆነ ስምንት ሳምንት አትጠብቂ፣ በዚያው ቀን ሂጂ። ካርዶቹ ለሐኪሙ ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ይነግሩታል።

እህቱ ደግሞ ማኩረፏ እውነት አላት። የራሷን ጠርሙስ ስጪያት። ሥራዎቿ ሌላ ይሁኑ፤ ጫማዋን ቦታው ማስቀመጥ፣ እጇን ታጥቦ መቅረብ። የእሷና የእሱ ጠርሙስ አይነጻጸሩ፣ «እሷ ሞላች አንተስ?» ፈጽሞ አይባል፤ ጎን ለጎን ባይቀመጡም ይሻላል። የእሷም 15 ደቂቃ ለብቻዋ ይኑራት። «ለምን እሱን ብቻ ትረጂዋለሽ?» ስትልሽ «ወንድምሽ ‹ቆይ› የሚለውን ድምፅ ቶሎ አይሰማውም፤ እየተለማመደ ነው» በያት። የአምስት ዓመት ልጅ ይህን ትረዳለች፤ ሳትቆይም ቆርኪ ስትለቅም አግኝታ ወደ እሱ ጠርሙስ ልትጥል ትችላለች። ያን ጊዜ አትከልክያት፤ ምን እንዳደረገች ግን ለይተሽ እየነገርሻት አመስግኛት።